ዓሣዋ ወለደች፤ አሁንስ?

ጋፒ የምትባለውን ዓሣ ቤቱ ያስገባ ሰው ወር ሳይሞላው አዋላጅ ይሆናል። ሁለት ወንድና ሦስት ሴት በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፤ አኳሪየሙን ሳሎን ጥግ ያስቀምጣል፤ አንድ ጠዋት መብራቱን ሲያበራ ከጠጠሩ ሥር የሆነ ነገር ሽው ይልበታል። ትል ይመስለዋል። ጎንበስ ብሎ ሲያጤን ሁለት ጥቁር ዓይኖች ያያል፤ ከኋላቸው እንደ ክር የቀጠነ ገላ አለ። ቤተሰቡ ይጠራል፤ ልጆች መስታወቱን በጣት እያንኳኩ ይቆጥራሉ፤ አንዱ ሮጦ የዳቦ ፍርፋሪ ያመጣል።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ፍርፋሪ ነው። እናቲቱ ልጆቿን ትበላለች ሲባል ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ ትበላለች። ከእሷ አፍ ያመለጡትን የሚጨርሳቸው ግን የእኛ ደግነት ነው። ምግብ እናበዛለን፤ የተረፈው ይበሰብሳል፤ ውሃው ይመረዛል። እኔ በመጀመሪያው ጠዋት 19 ጫጩት ቆጥሬ ነበር። በሦስተኛው ቀን 2 ቀሩ። እንዴት እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እነግርዎታለሁ።

በቅድሚያ የእናቲቱን ጠባይ ይወቁ። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተፈልፍሎ ጫጩቱ መዋኘት የሚችል ሆኖ ይወለዳል። እርግዝናዋ እንደ ውሃው ሙቀት ከ3 ሳምንት እስከ 1 ወር ይፈጃል። ሻጩ ዘንድ ወንዱም ሴቷም በአንድ ገንዳ ስለሚከርሙ የሚገዟት ሴት አብዛኛውን ጊዜ እርጉዝ ናት። ከዚያም በላይ የወንዱን ዘር ለወራት ሰውነቷ ውስጥ አቆይታ ደጋግማ ልትወልድበት ትችላለች። «ወንድ እኮ የለኝም፤ ከየት አመጣችው?» ብሎ ለሚደነቅ ሰው መልሱ ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 መውለድ የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ከሆነ ከ10 ሊያንስ ይችላል።

የሐይቆቻችን ቆሮሶ እንቁላሏንም ጫጩቷንም አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። ጋፒም ልጇን አፏ ውስጥ ታስገባለች፤ ልዩነቱ፣ እሷ መልሳ አታወጣውም።

ክፍሉ ከልጁ ይቅደም

ከወላጆቹ አኳሪየም ሌላ ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሳጥን ያዘጋጁ። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ስፋት፣ 25 ቁመት ይበቃል። መስታወት ቆርጦ በሲሊኮን የሚያያይዝ ባለሙያ ይሠራልዎታል፤ ሲሊኮኑ ለአኳሪየም የሚሆን መሆኑን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ለመታጠቢያ ቤት ከሚሸጠው አንዳንዱ የሻጋታ ማጥፊያ የተቀላቀለበት ስለሆነ ዓሣ ይገድላል።

ጠጠር አያንጥፉበት። ጠጠር ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን የወደቀ ምግብ በመሃሉ ገብቶ ሲበሰብስ አያዩትም። ባዶ መስታወት ላይ ቆሻሻው ይታያል፤ የሚታይ ቆሻሻ ደግሞ ይጸዳል።

ለማጣሪያ ስፖንጅ ይጠቀሙ። በአየር ፓምፕ የሚሠራው ተራው የስፖንጅ ማጣሪያ ለጫጩት የሚስተካከለው የለም፤ በሞተር የሚስበው ግን ጫጩቱንም አብሮ ጎትቶ ያስገባል። ስፖንጁ ቆሻሻ ከመያዝ የሚበልጥ ሥራ አለው። ከዓሣ ሽንትና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ መኖሪያቸው ስፖንጁ ነው። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ለሥራ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ጫጩት ይህን ያህል ጊዜ አይጠብቅዎትም። ስለዚህ የጫጩቶቹን ስፖንጅ ከወዲሁ ወላጆቹ አኳሪየም ውስጥ ከትተው ወር ሙሉ ያሠሩት፤ ሲፈልጉት አውጥተው ያዛውሩት። ነገሩ እንደ እርሾ ነው፤ ከድሮው ሊጥ የተረፈው አዲሱን ያነሣዋል። እርሾውን ላለመግደልም ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። በባልዲ ቀድተው ሳይከድኑ 24 ሰዓት ቢያሳድሩት አብዛኛው ይተናል፤ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኙ ደግሞ ወዲያው ይሠራል። የሮቶ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ቀናት የቆየው ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም፤ ሮቶው ትናንት ማታ ከሞላ ግን እንደ ቧንቧ ውሃ ይቁጠሩት። ውሃው ጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ቢሆን ጋፒ ደስ ይላታል። የድሬዳዋ ሰው ማንቆርቆሪያው ሥር ነጭ ቅራፊ ሲያይ ይማረራል፤ ለጋፒ ግን ያ ውሃ የሚስማማት ነው። የጫጩቶቹን ሳጥን ግማሹን ከወላጆቹ አኳሪየም በተቀዳ ውሃ፣ ግማሹን በአደረ ውሃ ይሙሉት።

ሙቀቱን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያድርጉት። ጋፒ የትሪኒዳድና የቬንዙዌላ ሞቃት ጅረቶች ልጅ ናት፤ ስሟንም ያገኘችው በ19ኛው መቶ ዘመን ናሙናዋን ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን ከላከው ከሮበርት ጋፒ ነው። የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አታውቀውም። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ማሞቂያ ላያስፈልገው ይችላል፤ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ላለ ግን ግዴታ ነው። ለ25 ሊትር ባለ 50 ዋት ማሞቂያ ይበቃል። ውሃ ሲቀይሩ አስቀድመው ከሶኬት ይንቀሉትና ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ እንደጋለ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ገመዱንም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርገው ይተዉት፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

የከፍታችንም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ «በ25 ሊትር ይህን ያህል ጫጩት» ካለዎት ቀንሰው ይያዙት። የአየር ፓምፑም ሌሊትና ቀን ይሥራ።

ምጥ

ከሴቷ ሆድ በስተኋላ፣ ከታችኛው ክንፏ አጠገብ ጠቆር ያለ ነጥብ አለ። ወሯ ሲገባ ይሰፋል፣ ይጠቁራል፤ አንዳንዴ በቆዳዋ ውስጥ የጫጩቶቹ ዓይኖች እንደ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። ሆዷም ከክብነት ወደ አራት ማዕዘንነት ይቀየራል። ከዚያ ጥግ ትይዛለች፣ ከባልንጀሮቿ ትሸሻለች፣ ምግብ ጎርሳ ትተፋለች። እንግዲህ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው።

በገበያ ላይ ከአኳሪየሙ ግድግዳ የሚንጠለጠል ትንሽ የላስቲክ መውለጃ ሳጥን አለ። እኔ አልወደውም። ሴቷ መዞሪያ አጥታ ትጨነቃለች፣ ስትጨነቅም ያለ ጊዜዋ ልትጥለው ትችላለች። የተሻለው ገና ሳምንት ሲቀራት በኩባያ ቀድተው ወደ ጫጩቶቹ ሳጥን ማዛወርና ሳጥኑን በመደበቂያ መሙላት ነው። በመረብ ከመያዝ በኩባያ መቅዳት ይሻላል፤ ሆዷ አይጨመቅም። ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውሃ ሣር ካገኙ እሰየው። ካላገኙ አረንጓዴ የሹራብ ክር፣ ሰው ሠራሹን ዓይነት፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ቆራርጠው መሃሉን በአንድ ቡሽ ላይ ይሰሩት። ቀለም መልቀቁን እስኪያቆም በፈላ ውሃ ደጋግመው ዘፍዝፈው ያለቅልቁት። ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ክሮቹ እንደ ሥር ወደ ታች ይበተናሉ፤ ጫጩቱ በመሃላቸው ይገባል፣ የእናቱ አፍ አይከተለውም።

የሚወለደው አንድ በአንድ ነው። ታጥፎ ይወጣል፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንዴ ይዘረጋል፤ ከዚያ ሽቅብ ተወርውሮ ክሩ ውስጥ ይሰወራል። ርዝመቱ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ሁሉም እስኪያልቅ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል መብራት አደብዝዘው፣ ልጆቹንም አስተኝተው ይተዉአት። ስትጨርስ ሆዷ ክፉኛ ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ በኩባያ ቀድተው ወደ ቦታዋ ይመልሷት። ሳያውቁት በወላጆቹ አኳሪየም ውስጥ ከወለደችም ጫጩቶቹን በኩባያ አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም።

የደግነት ልክ

ጫጩቶቹ በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ መብላት ይጀምራሉ። ሆዳቸው ከዓይናቸው አይበልጥም፤ ዓይናቸው ደግሞ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ልኩን ሁልጊዜ በዚህ ያስቡት።

የእኔ 19 ጫጩቶች ከሁለቱ በቀር ያለቁት በእንቁላል አስኳል ነው። «ለጫጩት አስኳል ነው» ብለው የመከሩኝ ነበሩ፤ ምክሩ ራሱ ስሕተት አልነበረም። እንቁላል ቀቀልኩ፤ ግማሽ ማንኪያ አስኳል በቀጭን ጨርቅ ጨምቄ ጨመርኩ። ውሃው ውስጥ እንደ ጉም ተዘረጋ። ጫጩቶቹ በጉሙ ውስጥ ገብተው ሆዳቸው ቢጫ ሆኖ ሲወጡ አይቼ ደስ አለኝ፤ ማታም ደገምኩ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ሩዝ የታጠበበት መስሏል። መክደኛውን ሳነሣ የሸተተኝን አልረሳውም። ጫጩቶቹ ሁሉ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ወደ አየር ይከፍታሉ። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፤ ዘግይቶ ነበር።

ስለዚህ አስኳል ሌላ ምግብ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ልኩም እንዲህ ነው። አንድ የምስር ክክ የምታህል አስኳል በግማሽ ኩባያ ውሃ ይበጥብጡ፤ ጥቂት ይጥለል፤ ከላዩ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ጫጩቶቹ ያሉበት ላይ ይጣሉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ታች የወረደውን በዚያው ሲሪንጅ ይሳቡት። የቀረውን ኩባያ ይድፉት።

ለየዕለቱ የሚሆነው ከሻጩ የሚገኘው ስስ ቅርፊት መሳይ የዓሣ ምግብ ነው። በሁለት ጣት እንደ ሽሮ ዱቄት እስኪልም ይፈትጉት፤ በስቴኪኒ ጫፍ የምትነሣው ለ20 ጫጩት ትበቃለች። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ቢሰጡ ጥሩ ነው፤ ሥራ የሚውል ሰው በ3 ጊዜም ያሳድጋል። በሁለት ሦስት ደቂቃ ካልጨረሱት አብዝተዋል ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ይቀንሱ። ማሸጊያው ላይ ስፒሩሊና የሚል ካዩ ይግዙት። ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ ያደረገው ይኸው ዋቅላሚ ነው፤ ለጋፒ ገንቢ ምግብ ይሆናል። ዳቦና እንጀራ ግን አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምግብ ሕይወት ያለው ነው፤ አርቴሚያ የምትባል የጨው ውሃ ፍጥረት ገና ስትፈለፈል። እንቁላሏ ደርቆ በጣሳ ታሽጎ ይሸጣል፤ አሜሪካ ዩታ ግዛት ካለው ታላቁ የጨው ሐይቅ የሚሰበሰበው የታወቀ ነው። ከዚያ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ትንሽ ጣሳ ቢያስመጡ ለወራት ይበቃዎታል። አፈልፋዩ ሃይላንድ ነው። የባለ ሁለት ሊትሩን ሃይላንድ ታች ቆርጠው ይጣሉ፤ ክዳኑን አጥብቀው ዘቅዝቀው ያቁሙት። 1 ሊትር ክሎሪን የሌለው ውሃ፣ 25 ግራም ጨው (ሁለት የማይሞላ የሾርባ ማንኪያ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንቁላል ይጨምሩ። የአየር ቱቦውን እስከ አንገቱ አስገብተው በደንብ ያንተክትኩት። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ መብራት አጠገብ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ውሃው ብርቱካንማ ይሆናል። አየሩን ያጥፉና 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ አርቴሚያዎቹ ታች ይሰበሰባሉ። ከታች በቀጭን ቱቦ ስበው በስስ ጨርቅ ያጥልሉ፤ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ለጫጩቶቹ ይስጡ። በደቂቃ ውስጥ የጫጩቶቹ ሆድ ብርቱካን ይሆናል። ቅርፊቱን አብረው አይስጡ፤ አይፈጭላቸውም።

ውሃ መቀየር

በየቀኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ካልተመቸዎት በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህል ይቀይሩ። የአየር ፓምፕ ቀጭን ቱቦ ወስደው ወለሉን እየዳበሱ ቆሻሻውን ወደ ነጭ ባልዲ ይሳቡት። ነጭ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ምንም ቢጠነቀቁ አንድ ሁለት ጫጩት ተስቦ ይሄዳል፤ በነጭ ባልዲ ውስጥ ዓይኑ ወዲያው ይታያል፤ በኩባያ ቀድተው ይመልሱታል። ውሃውን ሳይፈትሹ አይድፉ። የሚጨምሩት ውሃ ያደረና ሙቀቱ የተቀራረበ ይሁን፤ በዚያው ቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ይውረድ እንጂ በባልዲ አይገለበጥ።

ጫጩት ሲሞት ብዙ ሰው ወደ ፋርማሲ ይሮጣል፤ የሰው አንቲባዮቲክ ከፍቶ ውሃው ውስጥ ይበትናል። አያድርጉት። መድኃኒቱ ስፖንጁ ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎችም ሊገድል ይችላል፤ እርሾውን አጡ ማለት ነው። መጀመሪያ ውሃ ይቀይሩ፣ ምግብ ያቁሙ፣ ቴርሞሜትሩን ይመልከቱ።

መብራት ሲሄድ

መሄዱ አይቀርም። ምግብ ወዲያው ያቁሙ፤ ያልበላ ጫጩት ውሃ አያቆሽሽም፣ ለአንድ ቀንም ሳይበላ ይቆያል። አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ይጠቅልሉት፤ ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ይተዉለት። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ፣ ያልፈላ ውሃ ሞልተው ከድነው ያንሳፍፉበት፤ ሲቀዘቅዝ ይለውጡት። በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውሃውን እየቀዱ ከአንድ ጋት ከፍታ መልሰው ያፍስሱት፤ ፓምፑ የሚሠራውን ሥራ በእጅዎ መሥራትዎ ነው። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም አለ፤ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ከማሞቂያው ቀጥሎ እንዲገዙ የምመክረው እሱን ነው። መብራቱ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከመጣ ስፖንጁን በተቀዳ የአኳሪየም ውሃ ጨምቀው ከዚያ ፓምፑን ያስነሡ፤ አየር አጥቶ የበሰበሰው ተመልሶ እንዳይገባ።

ወንድና ሴት

እስከ ሦስተኛው ሳምንት ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከዚያ የወንዱ የታችኛው ክንፍ እየቀጠነ እንደ ዘንግ ይሾላል፤ የሴቷ እንደ ማራገቢያ ሰፍቶ ይቀራል፣ ያ ጥቁር ነጥብም ብቅ ይላል። ቀለም ቆይቶ ነው የሚመጣው። በ4 እና በ6 ሳምንት መካከል ወንዱን ከሴቷ ይለዩ፤ ወንድም እህት አይሉም፤ ገና ያላደጉ ሴቶች ያረግዙብዎታል። ጀርባው የጎበጠ ወይም ወለል ላይ እየተንሸራተተ ሽቅብ መዋኘት ያቃተው ካዩ ዘር እንዳይተካ ለብቻው ያድርጉት። 1.5 ሳንቲ ሜትር ያለፉት፣ ስድስትና ስምንት ሳምንት ገደማ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ መመዘኛው የትልቋ ሴት አፍ ነው።

ዓሣዎ ጋፒ ሳይሆን ወርቃማ ዓሣ ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው። እሷ እንቁላል ሣር ላይ ትለጥፋለች፤ ወላጆቹን ወዲያው ያውጡ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የአስኳል ከረጢታቸውን ይዘው መስታወት ላይ ተለጥፈው ይቆያሉ፤ በራሳቸው መዋኘት እስኪጀምሩ ድረስ ምንም አይስጡ።

አሁን ቁጥሩን ያስሉ። አንዲት ሴት በየወሩ 30 ብትወልድና በዚህ አያያዝ 20 ቢተርፉ፣ በዓመት 240 ዓሣ ነው። ሳሎንዎ አይችለውም። ለጎረቤት ይስጡ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ይስጡ፣ ሻጩ የሚቀበል ከሆነ በምግብ ይለዋወጡ፣ ወንዶቹን ብቻ ያስቀሩ። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ግን አይልቀቁ። ጋፒ የወባ ትንኝን እጭ ትበላለች ተብላ በብዙ አገር ውሃ ውስጥ ተለቃ ነበር፤ ተራብታ ቀረች፣ የሚያወጣትም አልተገኘ። አንዲት እርጉዝ ሴት ለዚህ ትበቃለች። ባልዲውን ይዘው ወደ ሐይቅ ከመሄድዎ በፊት እባክዎ ለሚያውቁት ሰው አንድ ስልክ ይደውሉ።